ወንበሩ ሞልቷል፤ መደርደሪያውስ?

«የዛሬ ተማሪ ቤተ መጻሕፍት አያውቅም» የሚለው ወቀሳ በየመምህራኑ ማረፊያ ክፍል ሲደጋገም ይሰማል። ወቀሳው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማትና በዩኒቨርሲቲዎችም ያው ነው። ይሁን እንጂ ፈተና በተቃረበበት ሰሞን ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ የንባብ አዳራሽ ጎራ ያለ ሰው የሚያየው ከወቀሳው ጋር አይስማማም። ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፤ ቦታ ያጣው ተማሪ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ያነባል፤ በኤሌክትሪክ ሶኬቱ ዙሪያ ወረፋ አለ። በአንጻሩ መደርደሪያውን የሚጎበኘው ሰው ጥቂት ነው። እንግዲህ ተማሪው ቤተ መጻሕፍቱን አልተወውም፤ የተወው መደርደሪያውን ነው። ይህ ለምን ሆነ? ጥፋቱስ የማን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መመርመርና ነገሩን ሁሉ በተማሪው ስንፍና ላይ ጥሎ ማለፍ ትክክል አለመሆኑን ማሳየት ነው።

ትችት ያለ መለኪያ አይሆንምና በቅድሚያ መለኪያችንን እንግለጽ። በሕንድ አገር የሒሳብ መምህር የነበረው ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በ1931 ባሳተመው ሥራው የቤተ መጻሕፍትን ሙያ በአምስት ሕጎች ጠቅልሎ አቅርቧል። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ባጭሩ ሲገለጥ፣ ቤተ መጻሕፍት የሚመዘነው በሰበሰበው ሳይሆን በሰጠው አገልግሎት ነው፤ የአንባቢው ጊዜ በከንቱ መባከን የለበትም፤ ተቋሙም እንደ ሕያው ፍጡር ከዘመኑ ጋር ማደግና መለወጥ አለበት የሚል ነው። ይህን የተናገረው ሰው ከሰሌዳ ፊት የመጣ መምህር መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲል እንፈልጋለን።

በዚህ መለኪያ የትናንቱን ብንመዝን፣ የትናንቱ ቤተ መጻሕፍት ለትናንቱ ተጠቃሚ ተስማሚ እንደ ነበር እናያለን። በገዳማቱና በአድባራቱ ዕቃ ቤት የተቀመጠው የብራና መጽሐፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ፣ የብዙ ወራት የጸሐፊ ድካም የፈሰሰበት ንብረት ነበር። ስለዚህ ዋናው ሥራ መጠበቅ ነበር። የአብነት ተማሪውም ዜማውንና ትርጓሜውን የሚቀበለው በቃል፣ ከመምህሩ አፍ ነበርና ቁልፍ የያዘው ዕቃ ቤት ጠባቂ ከትምህርቱ አላገደውም። ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋ ደግሞ በ1936 ዓ.ም. ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ከነቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ጀመረ። በስድስት ኪሎው ግቢ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስም የተሰየመው ቤተ መጻሕፍትም ተከተለ። በዚያን ጊዜ ተማሪው ጥቂት ነበር፤ መምህሩ የመጻሕፍት ዝርዝር ይሰጣል፤ ተማሪው የካታሎግ ካርዱን መሳቢያ ስቦ ቁጥሩን ይጽፋል፤ መጽሐፉ ይመጣለታል። ፍላጎቱና አገልግሎቱ ተገናኝተው ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬስ? ተጠቃሚውን የለወጡት ነገሮች ብዙ ቢሆኑም ዋና ዋናዎቹን በአራት ከፍለን ማየት እንችላለን።

አንደኛው የቁጥርና የዝግጅት ለውጥ ነው። ከ1990ዎቹ በፊት በጣት ይቆጠሩ የነበሩት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። የሚቀበሉት ተማሪ ዝግጅት ግን እንደ ቁጥሩ አላደገም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያም የማካካሻ ትምህርት፣ ተማሪዎች «ሬሜዲያል» የሚሉት፣ ተጀመረ። እንግዲህ በቤተ መጻሕፍቱ በር የሚገባው ተማሪ የድሮው ዓይነት የተመረጠ ጥቂት አንባቢ አይደለም። ብዙው በትምህርት ቤቱ የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት አይቶ የማያውቅ፣ ማውጫ ምን እንደሚሠራ ያልተነገረው ወጣት ነው።

ሁለተኛው የጽሑፉ መልክ ለውጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ሲጀመር የታተመው መማሪያ መጽሐፍ በወቅቱ ለሁሉም ስላልተዳረሰ ተማሪው መጽሐፉን በስልክ ፋይል ማንበብ ለመደ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባም የአንደኛ ዓመቱ ሞጁል በቴሌግራም ይላክለታል። ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ መጽሐፍን በስልኩ የተቀበለ ልጅ መጽሐፍ ማለት ወደ እርሱ የሚመጣ እንጂ እርሱ ሄዶ የሚፈልገው ነገር መሆኑን ከየት ይማር?

ሦስተኛው የልማድ ለውጥ ነው። በሐርጌሳ ከተማ ዛድ የተባለው የስልክ ገንዘብ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በኢትዮጵያም ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሰፊ አገልግሎት እየሰጡ ነው። የሻይ ሒሳቡን በስልኩ የሚከፍል ተማሪ አንድ ገጽ ለማንበብ መታወቂያ አስይዞ፣ ቦርሳውን በር ላይ አስቀምጦ፣ ወረቀት ሞልቶ ግማሽ ሰዓት መቆም ግራ ቢያጋባው አይፈረድበትም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉም ይህ ልማድ ይበልጥ ጠነከረ። ተማሪው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ መደርደሪያው ግን አብሮት አልሄደም።

አራተኛው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሰፊው የመጣው፣ ለተጠየቀው ሁሉ ጽሑፍ አዘጋጅቶ የሚመልስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ይህ መሣሪያ መልስ ይሰጣል፤ አንዳንዴም በዓለም ላይ የሌለ መጽሐፍ ርእስና ደራሲ ፈጥሮ ያቀርባል። ተማሪው ይህንኑ ርእስ ይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሲመጣና «የለም» ሲባል፣ የጎደለው ቤተ መጻሕፍቱ ይመስለዋል። ስለዚህ የዛሬው ተጠቃሚ «መጽሐፉ የት አለ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ይህ ነገር እውነት ነው ወይ?» የሚል አዲስ ጥያቄም ይዞ ቆሟል፤ ጥያቄው እንዳለበት ራሱ ባያውቀውም እንኳ።

ከዚህ ላይ የጎረቤታችንን የሐርጌሳን ጉዳይ ማንሳት ይጠቅማል፤ ተማሪው ብቻ ሳይሆን ቤተ መጻሕፍቱም ከምንም የተነሳበት ከተማ ነውና። በሐርጌሳ «31 ሜይ» የተባለ የከተማ ክፍል አለ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1988 የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች በከተማዪቱ ላይ ጥቃት የከፈቱበት ዕለት ነው። የዚያድ ባሬ መንግሥት ከተማዪቱን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ፤ አብዛኛው ሕንጻ ፈረሰ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ከጅግጅጋ ወዲያ ያለው የሐርተሼክ መጠለያም በዓለም ከታወቁት ታላላቅ የስደተኞች ሰፈሮች አንዱ ሆነ። ከፍርስራሹ በኋላ የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ በ2000 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። ዛሬ በዚያች ከተማ የኢትዮጵያው አድማስ ዩኒቨርሲቲም ሳይቀር ቅርንጫፍ ከፍቶ ያስተምራል።

በእንዲህ ያለ ከተማ አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በአንድ መስኮት የሚያስተናግዳቸው ተጠቃሚዎች እጅግ የተራራቁ ናቸው። አንደኛው ከአውሮፓ ወይም ከሰሜን አሜሪካ ከወላጆቹ ጋር የተመለሰ ነው፤ ክፍት መደርደሪያ፣ የኮምፒዩተር ማውጫ፣ ፈጣን ኢንተርኔት ይጠብቃል። ሌላው እዚያው ያደገ ነው፤ የሚጠብቀው የሚቀመጥበት ወንበር ብቻ ነው። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ያስፈልጋቸዋል። የሶማሊኛ ቋንቋ ይፋ የሆነ ጽሕፈት ያገኘው በ1972 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ የሕዝቡ የግጥም ሀብት አብዛኛው የተላለፈው በቃልና በድምፅ ነው። ስለ ግጥም ሊያጠና የተነሳ ተማሪ የታተመ መጽሐፍ ብቻ ቢሰጡት ነገሩ ጎደሎ ይሆናል። የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ይህን ተገንዝቦ ከ10 ሺህ በላይ የድምፅ ካሴቶችን ሰብስቧል፤ በኮምፒዩተር እንዲቀመጡም ሲሠራ ቆይቷል። በጦርነቱ ጊዜ የሬዲዮ ሐርጌሳን የድምፅ ክሮች ከቦምብ ለማዳን መሬት ቆፍረው የቀበሯቸው ሰዎች እንደ ነበሩም የታወቀ ነው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የሐርጌሳ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ትርዒትም አንባቢውንና ደራሲውን ፊት ለፊት ያገናኛል። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። እነዚህ ሰዎች የጀመሩት «ቤተ መጻሕፍት ምን ሊኖረው ይገባል?» ብለው ሳይሆን «የእኛ አንባቢ የሚፈልገው እውቀት የት ነው ያለው?» ብለው ነው። እውቀቱ ያለው በካሴት ከሆነ ካሴቱን ሰበሰቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንመለስ። ብዙ የትምህርት ተቋማት የተጠቃሚውን ፍላጎት አጥንተናል ሲሉ የሚያቀርቡት መጠይቅ ነው። «በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተሃል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ተማሪው «ረክቻለሁ» ከሚለው ፊት ምልክት ያደርጋል፤ ሪፖርቱም በጥሩ ውጤት ይዘጋል። እኛ ይህን ዓይነቱን ማስረጃ አንቀበለውም። ምክንያቱም በፍላጎትና በጥበቃ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ፍላጎት ማለት ሥራውን በሚገባ ለመሥራት የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ ጥበቃ ማለት ደግሞ ካየውና ከለመደው ተነስቶ «ይሰጠኛል» ብሎ የሚያስበው ነው። ቤተ መጻሕፍት ከሌለው ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ መብራት፣ ወንበርና ጸጥታ ካገኘ ይረካል። የጥናት ርእሱን አብሮት የሚያጠብብ፣ ምንጭ ከምንጭ እንዲለይ የሚረዳው ባለሙያ ሊኖር እንደሚገባ አያውቅምና አይጠይቅም። እንግዲህ እርካታው የአገልግሎቱን መልካምነት ሳይሆን የጥበቃውን ዝቅተኛነት የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። በረሃብ የኖረ ሰው ደረቅ እንጀራ ቢያመሰግን ወጡ አያስፈልገውም ማለት አይደለም።

የቤተ መጻሕፍቱ አመራር ራሱን የሚመዝንበት ዘዴም እንዲሁ ሊተች ይገባዋል። በዓመቱ መጨረሻ የሚቀርበው ሪፖርት ስንት መጽሐፍ እንደ ገባ፣ ስንት ሰው በበሩ እንዳለፈ ይናገራል። ከውጭ አገር በስጦታ የመጣ፣ ዘመኑ ያለፈበት፣ ከሚሰጠው ትምህርት ጋር የማይገናኝ መጽሐፍም በቁጥሩ ውስጥ ይገባል። ስንት ተማሪ የሚፈልገውን አግኝቶ ወጣ? ስንቱስ አጥቶ ተመለሰ? ያጣው ምን ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች ግን በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ የላቸውም። አጥቶ የተመለሰ ተማሪ በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም። በራንጋናታን መለኪያ ብንሄድ ግን ዋናው መጻፍ የነበረበት እርሱ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሌላው ጉድለት ያለው ነገር አለመታወቁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሂናሪ የተባለ አገልግሎት እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ተቋማት የጤና ሳይንስ መጽሔቶችን በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ያዳርሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሯቸው የማስተርስና የዶክትሬት ጥናቶችም በኢንተርኔት ማከማቻ ተቀምጠው ማንም ሊያነባቸው ይችላል። ስለ ራሱ ወረዳ፣ ስለ ራሱ ቋንቋ የተጻፈ ጥናት እዚያ እያለ ተማሪው የቴሌግራም ቡድን ውስጥ የደራሲው ስም የተቆረጠ ገጽ ሲለምን ይውላል። ሀብቱ አለ፤ ፈላጊውም አለ፤ በመካከላቸው መንገድ የሚያሳይ ሰው ጠፋ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ መቀመጫ በር ላይ ሆኖ ሥራው ቦርሳ መፈተሽና ዝም ማሰኘት ብቻ ከሆነ መንገዱን ማን ያሳይ?

እዚህ ላይ የሚነሳ ተገቢ ተቃውሞ አለ። «ቤተ መጻሕፍት የተማሪውን አምሮት ሁሉ ሊከተል ነው ወይ? ተማሪው አጭር ማስታወሻ ብቻ ቢፈልግ መጽሐፉን አውጥተን ማስታወሻ እንደርድር?» የሚሉ አሉ። ተቃውሞው መልስ ይገባዋል። እኛም ቤተ መጻሕፍት አምሮት ተከታይ ይሁን አንልም። ሐኪም የበሽተኛውን ሕመም ያዳምጣል እንጂ መድኃኒቱን በሽተኛው አያዝለትም። ነገር ግን ሕመሙን ሳያዳምጥ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪምም የለም። ተማሪው ፋይል በስልክ መጠየቁ ለጥልቅ ንባብ ጠላት መሆኑን አያሳይም፤ የሚመጣበትን በር ነው የሚያሳየው። በዚያ በር ተቀብሎ ወደ ጠለቀው ክፍል መምራት የባለሙያው ድርሻ ነው።

ደግሞም ጉዳዩ የምቾት ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚያቃልል ካለ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ይመልከት። ጥሩ ስልክ ያለው፣ የኢንተርኔት ጥቅል የሚገዛ፣ እንግሊዝኛውን በሚገባ የሚያነብ ተማሪ ቤተ መጻሕፍቱ ቢደክምም መንገድ አያጣም። ስልክ የሌለው፣ ወይም ያለው ስልክ ረጅም ጽሑፍ የማይከፍት፣ በመኝታ ክፍሉ መብራት የሚጠፋበት የገበሬ ልጅ ግን ከቤተ መጻሕፍቱ በስተቀር ሌላ የለውም። ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ብቻ ሲሆን እርሱ የሚያነበው ጓደኛው የላከለትን ብቻ ይሆናል። የቀረበለትን የሚያነብና መርጦ የሚያነብ ተማሪ በአንድ ፈተና ይፈተናሉ፤ በአንድ ሚዛን ግን አልተማሩም። በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወጣቱ የንባብ ቦታ ቢያገኝ እንደሚመጣ አሳይቷል። ነገር ግን አዲስ አበባ አንድ ከተማ ናት፤ ቦታም የአገልግሎት መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

የመምህሩ ድርሻስ? ተማሪው ወደ መደርደሪያው የሚሄደው የሚያስሄደው ጥያቄ ሲኖረው ነው። ፈተናው ሁሉ ከሀንድአውቱ ከወጣ፣ የቤት ሥራውም ከአንድ ገጽ ተገልብጦ የሚያልቅ ከሆነ፣ መደርደሪያውን የዘጋው ቁልፍ ያለው በቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እጅ ሳይሆን በመምህሩ የጥያቄ ወረቀት ላይ ነው። ለምሳሌ «የዐድዋ ጦርነት መቼ ተካሄደ?» የሚል ጥያቄ ማንንም ከወንበሩ አያስነሳም። «ስለ ዐድዋ ጦርነት ከተጻፉት ሁለት መጻሕፍት የጦርነቱን መንስኤ አወዳድር፤ በምን ይለያያሉ? የትኛው የተሻለ ማስረጃ አቀረበ?» የሚለው ግን ተማሪውን ወደ መደርደሪያው፣ ከዚያም ወደ ማሰብ ይወስደዋል። መልስ የሚያዘጋጀው መሣሪያ ቢያግዘውም እንኳ ሁለቱ መጻሕፍት በእጁ ሊኖሩ ግድ ነው።

ከዚህ በመነሳት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ጥቂት ሐሳቦችን ለውይይት እናቀርባለን።

1ኛ፤ በየቤተ መጻሕፍቱ መስኮት አንድ ተራ ደብተር ይቀመጥ። ተጠይቆ የጠፋው መጽሐፍ፣ ያልተመለሰው ጥያቄ ይጻፍበት። ከአንድ መንፈቀ ዓመት በኋላ ይህ ደብተር ከማንኛውም የእርካታ መጠይቅ የበለጠ ይናገራል።

2ኛ፤ በኢንተርኔት በነጻ የሚገኙትን ታማኝ ምንጮች አውርዶ ኢንተርኔት በሌለበትም እንዲነበቡ በአንድ ኮምፒዩተር ማከማቸትና ለተማሪው በፍላሽ መስጠት ይቻላል። ተማሪው ፋይል ከፈለገ፣ ደራሲው የታወቀ፣ ገጹ ያልተቆረጠ ፋይል ከቤተ መጻሕፍቱ ያግኝ።

3ኛ፤ የመጀመሪያው የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ አይጠበቅ። በ9ኛ ክፍል ማውጫ መጠቀም፣ ደራሲና ዓመት መመዝገብ፣ ሁለት ምንጭ ማወዳደር በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። የትምህርት ቤቱ መጻሕፍት በአንድ ሣጥን የሚያልቁ ቢሆኑም ለዚህ ልምምድ ይበቃሉ።

4ኛ፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የአካባቢውን የቃል ሀብት፣ ማለትም ተረቱን፣ የሽማግሌዎችን ትዝታ፣ ቅኔውንና ቀረርቶውን በስልክ ድምፅ ቀድቶ፣ ተናጋሪውን አስፈቅዶ፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ያስቀምጥ። ሐርጌሳ በካሴት የሠራችውን እኛ በተማሪው ስልክ ልንሠራው እንችላለን። ያን ጊዜ ተማሪው ከቤተ መጻሕፍቱ የሚወስድ ብቻ ሳይሆን ለቤተ መጻሕፍቱ የሚያበረክትም ይሆናል።

ተማሪዎችም ከዚህ የሚወስዱት አንድ ነገር አለ። ወደ ቤተ መጻሕፍት የምትገቡት ወንበር ፍለጋ ብቻ ከሆነ ከሚገባችሁ እጅግ ጥቂቱን ነው የምትወስዱት። ባለሙያውን ጠይቁ፤ «የለም» ሲባል «የት ሊገኝ ይችላል?» በሉ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተነገራችሁን የመጽሐፍ ርእስ በማውጫው ላይ ፈልጋችሁ አረጋግጡ። የሚጠይቅ ተጠቃሚ ሲበዛ አገልግሎቱ መሻሻሉ አይቀርም፤ ዝም ያለን ተጠቃሚ ግን ሪፖርቱ ረክቷል ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ «የዛሬ ተማሪ ቤተ መጻሕፍት አያውቅም» የሚለው ወቀሳ ተገልብጦ ሊነበብ ይገባል። ቤተ መጻሕፍቱ የዛሬውን ተማሪ ያውቀዋል ወይ? ከየት እንደ መጣ፣ በምን እንደሚያነብ፣ ምን አጥቶ እንደ ተመለሰ ጽፎ ይዟል ወይ? ይህ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ድረስ የሞላው ወንበር ሊያኮራን አይገባም፤ ባዶ የሆነው መደርደሪያውን የሚጎበኝ እግር ነውና።